ፕሮሰሰሩ ከመቀየሩ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ጉዳዮች

ለኮምፒዩተር ጨዋታ ተብለው የሚገጣጠሙ ኮምፒዩተሮች ዋጋቸው ከተራው የጽሕፈት ኮምፒዩተር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህም ሆኖ ማሽኑ ከተገዛ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ከካርቶኑ በወጣበት ዕለት፣ የተባለለትን ፍጥነት ሳይሰጥ መቅረቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ምስሉ ይቆራረጣል፤ ትእዛዝ ዘግይቶ ይፈጸማል፤ ማቀዝቀዣ ፋኑም ያለ ዕረፍት ይጮሃል። በዚህን ጊዜ ጥርጣሬው በቅድሚያ የሚያርፈው የኮምፒዩተሩ አእምሮ በሚባለው ፕሮሰሰር ላይ ሲሆን፣ «አርጅቷልና ይቀየር» የሚለው ውሳኔ ብዙም ሳይቆይ ይከተላል።

ይህ ውሳኔ በአብዛኛው የተሳሳተ ነው። ፕሮሰሰር ከኮምፒዩተር አካላት መካከል በቀላሉ ከማይበላሹት አንዱ ሲሆን፣ ሲበላሽም ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አይነሳም ወይም በሥራ መሐል ይቋረጣል እንጂ በዝግታ መሥራቱን አይቀጥልም። ደኅና የሆነ ፕሮሰሰር ዝግ ብሎ የሚሠራው ሙቀት በዝቶበት ራሱን ሲገታ፣ የሚያስፈልገውን የኤሌክትሪክ ኃይል እንዳይወስድ ሲገደብ፣ ሌላ የኮምፒዩተሩ አካል ሥራ እስኪያደርስለት ሲጠብቅ፣ አለዚያም ባለቤቱ የማያውቀው ፕሮግራም ጉልበቱን ሲሻማው ነው። በእነዚህ ሁኔታዎች አዲስ ፕሮሰሰር ገዝቶ በዚያው ሳጥን ውስጥ መግጠም አዲሱንም ለዚያው ዕጣ መዳረግ ይሆናል።

ጉዳዩ የጨዋታ አፍቃሪ ወጣቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ለጨዋታ የሚመረጠው ኃይለኛ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ለምህንድስና ንድፍ፣ ለካርታ ሥራና ለቪዲዮ ቅንብርም የሚመረጥ በመሆኑ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙ ተመሳሳይ ማሽኖች የሚያሳዩት ችግርም ተመሳሳይ ነው። «ፕሮሰሰር ይቀየር» የሚል አንድ መስመር የሠፈረበት የግዥ መጠየቂያ የሚቀርብለት ኃላፊ ከፊርማው አስቀድሞ ምን መጠየቅ እንዳለበት ቢያውቅ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ያለ ምክንያት ከመግዛት ይድናል።

ነገሩን ለመረዳት በፕሮሰሰር ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ትርጉም ማወቅ ይጠቅማል። ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2022 መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበውና መካከለኛ ዋጋ ባላቸው የጨዋታ ኮምፒዩተሮች ላይ በስፋት የተገጠመው ኮር አይ5-12400 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ስድስት ኮር፣ ማለትም ስድስት ራሳቸውን የቻሉ የሥራ ክፍሎች አሉት። መነሻ ፍጥነቱ 2.5 ጊጋኸርዝ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ ደግሞ 4.4 ጊጋኸርዝ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት 76 በመቶ ነው። ሻጮች በትልቁ የሚጽፉት ሁለተኛውን ቁጥር ሲሆን፣ ከፊቱ ያለችው «እስከ» የምትል ቃል ግን ብዙ ጊዜ ከዓይን ታመልጣለች። አምራቹ መተማመኛ የሚሰጠው ለመነሻ ፍጥነቱ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ሙቀቱ፣ የኃይል አቅርቦቱና ማዘርቦርዱ እስከ ፈቀዱ ድረስ የሚገኝ ትርፍ ነው።

ኢንቴል ይህን ራስን በራስ የማፍጠን ስልት ቱርቦ ቡስት በሚል ስያሜ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ በ2008 ነበር። ተፎካካሪው ኤኤምዲም ተመሳሳይ ስልት ይጠቀማል። ከዚያ ወዲህ የአንድ ፕሮሰሰር እውነተኛ ፍጥነት ከፋብሪካው ባልተናነሰ በተገጠመበት ሳጥን የሚወሰን ሆኗል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ገዝተው የአንደኛው ከሌላኛው በግልጽ ሊዘገይ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የተታለለ ወገን ላይኖር ይችላል።

ከገደቦቹ መካከል በቀላሉ የማይታየው የኃይል ገደብ ነው። ከላይ የተጠቀሰው አይ5-12400 በመነሻ ደረጃው 65 ዋት፣ በከፍተኛ ፍጥነቱ ደግሞ 117 ዋት የሚወስድ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። አንዳንድ ማዘርቦርዶች 117 ዋቱን ያለ ጊዜ ገደብ ይፈቅዳሉ። ሌሎች፣ በተለይም ጠባብ ሳጥን ያላቸው ተገጣጥመው የሚመጡ ኮምፒዩተሮች፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ 65 ዋት ይመልሱታል። በመሆኑም ሥራ ሲጀመር ጥሩ ሮጦ ወዲያው የሚቀዘቅዝ፣ ነገር ግን ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማያልፍ ኮምፒዩተር ቢያጋጥም በሽታው ሙቀት ሳይሆን ይህ ገደብ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ገደቡ ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ፕሮግራም ውስጥ የሚገኝ ሲሆን በአንዳንድ ማሽኖች ሊስተካከል ይችላል፤ በሌሎች አምራቹ ቆልፎታል።

ነገሩ በትልልቆቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ይባባሳል። ኮር አይ9-13900ኬ የተባለው መነሻው 125 ዋት ሆኖ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ 253 ዋት ይደርሳል። ይህን ያህል ኃይል ለፕሮሰሰሩ አስተካክሎ የሚያቀብለው በማዘርቦርዱ ላይ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የተደረደረው የኃይል ማስተካከያ ክፍል ነው። ርካሽ ማዘርቦርድ ላይ ይህ ክፍል አነስተኛና ሙቀት ማብረጃ ብረት የሌለው በመሆኑ፣ ቀድሞ የሚግለው እርሱ ይሆንና ፕሮሰሰሩ እንዲዘገይ ምልክት ይሰጣል። በተጫራቾች ሰነድ ላይ የፕሮሰሰሩ ስም በጉልህ ተጽፎ የማዘርቦርዱ ዓይነት ሳይገለጽ ሲቀር የሚከተለው ውጤት ይህ ነው። የጨረታ ኮሚቴዎች በዚህ ረገድ ስፔስፊኬሽናቸውን መለስ ብለው ቢያዩት አይከፋም።

ወደ ሙቀት ስንመጣ፣ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ከመቃጠል የሚያድኑበት ዘዴ ከተዘረጋላቸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። በእያንዳንዱ ቺፕ ውስጥ የሙቀት መለኪያዎች የተቀበሩ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከተወሰነለት ጣሪያ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። በበርካታ የኢንቴል የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች ላይ ጣሪያው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የኢንዱስትሪው ታሪክም ራሱ በሙቀት ምክንያት አቅጣጫውን የቀየረበት ጊዜ አለ። ኢንቴል እ.ኤ.አ በ2004 ያወጣው ፕሬስኮት የተሰኘ ፔንቲየም 4 በሙቀቱ የታወቀ ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ለማውጣት የነበረውን ዕቅድ ሰርዞ በአንድ ቺፕ ላይ ከአንድ በላይ ኮር ወደ ማስቀመጥ ፊቱን አዙሯል።

ይሁን እንጂ ሙቀት በራሱ የብልሽት ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ በ2022 ያወጣቸው ራይዘን 7000 ተብለው የሚታወቁ ፕሮሰሰሮች መካከል ኃይለኞቹ በከባድ ሥራ ላይ 95 ዲግሪ ድረስ እንዲደርሱ ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው። በአንጻሩ የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነውና በጨዋታ አፍቃሪዎች ዘንድ ተወዳጅ የሆነው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ጣሪያው 89 ዲግሪ ነው። ስለዚህ «90 ዲግሪ ደርሷል» የሚል ሪፖርት ብቻውን ምንም አይናገርም። መጠየቅ ያለበት ሙቀቱ ከጣሪያው ሲደርስ ፍጥነቱ ምን ያህል ወረደ የሚለው ነው። በመነሻና በከፍተኛ ፍጥነቱ መካከል ጸንቶ ከቆየ ችግር የለም። ከመነሻ ፍጥነቱ በታች ከወረደ ግን ማቀዝቀዣው ሥራውን አልሠራም።

በዚህ ነጥብ ላይ ለአዲስ አበባና ለሌሎች ደጋማ ከተሞች የተለየ ትርጉም ያለው፣ ግን እምብዛም የማይነሳ ጉዳይ አለ። ኮምፒዩተርን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚያሽከረክረው ዙር ባይለወጥም፣ ከብረቱ ላይ ሙቀት ይዞ የሚወጣው አየር በክብደት ያነሰ ይሆናል። የሰርቨር አምራቾች ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት መጠን በመመሪያቸው ላይ የሚቀንሱት በዚሁ ምክንያት ነው። የደጋው ቅዝቃዜ ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሳል፤ መስኮቱ በተዘጋና ብዙ ማሽን በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ግን ማካካሻው ይጠፋል። እንደ ሰመራ ባሉ ቆላማ ከተሞች ሁኔታው የተገላቢጦሽ ነው፤ አየሩ ወፈር ያለ ቢሆንም ራሱ የጋለ ነው። በሁለቱም ዘንድ አምራቹ ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው አነስተኛ ማቀዝቀዣ ለቀን ሙሉ ከባድ ሥራ ላይበቃ ይችላል።

አቧራም ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። በማቀዝቀዣው ብረት ቅጠሎች መካከል የሚጋገር አቧራ አየሩን ይዘጋል። ጽዳቱ ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ የፋኑ ክንፍ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ፣ በደረቅ አየር ግፊት ቢከናወን ይመረጣል። ፋኑ በግፊት በኃይል ሲሽከረከር ተሸካሚው ሊጎዳ ይችላል። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት መሐሉ ላይ ማድረግ ለአብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ይበቃል።

አዲስ ኮምፒዩተር ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ከጋለ ግን ምክንያቱ አቧራም ድርቀትም ሊሆን አይችልም፤ የአገጣጠም ስህተት ነው። በጣም ከተለመዱት አንዱ ከማቀዝቀዣው ሥር የሚለጠፈው መከላከያ ፕላስቲክ ሳይላጥ መቅረቱ ነው። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጋር ሲመጣ የቆየው ማቀዝቀዣ በአራት የፕላስቲክ እግሮች ማዘርቦርዱን የሚይዝ ሲሆን፣ ከአራቱ አንዱ በሚገባ ሳይቆለፍ ከቀረ ብረቱ ያጋድላል፤ ፕሮሰሰሩም በሰከንዶች ውስጥ ከጣሪያው ይደርሳል። ሌላው የሳጥኑ ፋኖች በሙሉ ወደ ውስጥ ወይም በሙሉ ወደ ውጭ እንዲነፍሱ ተደርገው መገጠማቸው ነው። ከፊት የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ሊኖር ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ግምት የሚያድነው ልኬት ነው። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት የፕሮሰሰሩን መነሻ ፍጥነትና በወቅቱ ያለበትን ፍጥነት ጎን ለጎን ያሳያል። ሙቀቱንና የሚወስደውን ዋት ለማየት ደግሞ ኤችደብሊውኢንፎን የመሰሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ፤ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ወይም በኃይል ገደብ ምክንያት ራሱን ገትቶ እንደሆነም ለይተው ያመለክታሉ። ምርመራው የሚካሄደው ኮምፒዩተሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ ሳይሆን ጫና ላይ ሆኖ ነው። ሲኔቤንች የተባለው የመፈተኛ ፕሮግራም ወይም ችግሩ የሚታይበት ጨዋታ ራሱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል እንዲሠራ ተደርጎ ሦስቱ ቁጥሮች፣ ማለትም ፍጥነት፣ ሙቀትና ዋት፣ በመጀመሪያው ደቂቃና በመጨረሻው ደቂቃ ይመዘገባሉ። አንድ የጥገና ባለሙያ እነዚህን ስድስት ቁጥሮች ሳያቀርብ ፕሮሰሰሩ ይቀየር ካለ፣ ሪፖርቱ እንዲሟላ መመለሱ ጭካኔ አይሆንም።

በልኬቱ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስት አንድ ቁጥር አለ፤ እርሱም የፕሮሰሰሩ አጠቃላይ የሥራ ጫና በመቶኛ የሚገለጽበት ነው። አይ5-12400 ስድስት ኮር ሲኖረው፣ እያንዳንዱ ኮር ሁለት የሥራ መስመሮችን ስለሚያስተናግድ በጠቅላላው 12 መስመሮች አሉት። የቆየ ጨዋታ አብዛኛውን ስሌቱን በአንድ መስመር ላይ የሚያካሂድ ከሆነ ያ መስመር ሙሉ በሙሉ ተጨናንቆ ሳለ አጠቃላይ ቁጥሩ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ይላል። ተመልካቹ «ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቷል» ብሎ ሲደመድም፣ በእርግጥ ግን አንዱ ሠራተኛ ሸክሙ ከብዶት አሥራ አንዱ ቆመው እንደሚያዩት ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የኮር ብዛት መጨመር የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው፤ የሚፈይደው የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ነው። ባለ 16 ኮር ፕሮሰሰር ተገዝቶ አንድ የንድፍ ፕሮግራም ቀድሞ ከነበረበት ያልተሻሻለበት ሁኔታ ቢያጋጥም መነሻው ይኸው ሊሆን ይችላል። በታስክ ማናጀር ላይ ሥዕላዊ መግለጫው እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ስለሚቻል እውነቱን ለማወቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ሌላው መለየት ያለበት ዝግመቱ የፕሮሰሰሩ ነው ወይስ የግራፊክስ ካርዱ የሚለው ነው። ጨዋታ በሰከንድ 60 ምስል እንዲያሳይ ከተፈለገ፣ ለእያንዳንዱ ምስል የሚኖረው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የጨዋታውን ስሌት ጨርሶ ትእዛዙን ያስተላልፋል፤ ግራፊክስ ካርዱም ምስሉን ይሥላል። ዘግይቶ የሚጨርሰው ወገን የሁለቱንም ፍጥነት ይወስናል። መለያው ዘዴ ቀላል ነው። የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ መሞከር ነው። ጥራቱ ሲቀንስ በሰከንድ የሚታየው ምስል ብዛት ጎላ ብሎ ከጨመረ ተጨናንቆ የነበረው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ብዛቱ ካልተነቃነቀ ግን ሥራ ያዘገየው ፕሮሰሰሩ ወይም ራም ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ጨዋታው በቅንብሩ ምክንያት በ60 ላይ የተገደበ አለመሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሞኒተሩ ገመድ በግራፊክስ ካርዱ ምትክ በማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ውድ ካርድ ያለ ሥራ የተቀመጠበት አጋጣሚም ጥቂት አይደለም።

ራም የሚያስከትለው ዝግመት በተለይ በርካሽ ተገጣጥመው በሚሸጡ ማሽኖች ላይ ይታያል። 16 ጊጋባይት በአንድ ራም እና 16 ጊጋባይት በሁለት ባለ 8 ራሞች በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ በተግባር ግን አይደሉም። ዲዲአር4 የሚባለው ራም በ3200 ፍጥነት በአንድ መተላለፊያ ሲሠራ በንድፈ ሐሳብ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ በሁለት መተላለፊያ ሲሆን 51.2 ጊጋባይት ይደርሳል። አንድ ብቻ የተሰካለት ፕሮሰሰር ግማሽ መንገድ ተዘግቶበት ይሠራል። ከዚህም ሌላ 3200 ተብሎ የተሸጠ ራም ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው ቅንብር ካልተከፈተ በ2133 ወይም በ2400 ፍጥነት ብቻ ሊሠራ ይችላል። ለኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የተዘጋጀውና ከዲዲአር5 ጋር የመጣው ቅንብር ኤክስፖ ይባላል። ይህን መክፈት ምንም ወጪ የለውም፤ ከተከፈተ በኋላ ኮምፒዩተሩ መረጋጋት ካሳጣው ግን መልሶ መዝጋት ይገባል።

የሶፍትዌር ምክንያቶችም አሉ። የዊንዶውስ የኃይል አጠቃቀም ምርጫ በቁጠባ ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። የሥርዓተ ክወናው የራሱ ስህተት የሆነበት ጊዜም ነበር። ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ በጥቅምት ወር 2021 ሲወጣ በኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ላይ የውስጥ ፈጣን ማህደረ ትውስታ እንዲዘገይ የሚያደርግ ጉድለት ነበረበት፤ በአንዳንድ የውድድር ጨዋታዎች ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚደርስ መቀነስ ሊያስከትል እንደሚችል ኩባንያው ራሱ አሳውቆ ነበር። ማሻሻያው በዚያው ወር ቀርቧል። በእነዚያ ሳምንታት ፕሮሰሰሩን የቀየረ ሰው ቢኖር ገንዘቡን በከንቱ አውጥቷል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን በድብቅ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። አቫስት የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ በሰኔ 2021 ክራኮኖሽ ብሎ ስለሰየመው ጎጂ ፕሮግራም ይፋ አድርጓል። ፕሮግራሙ ያለ ፈቃድ በተባዙ የጨዋታ ቅጂዎች ውስጥ ተደብቆ በመግባት የዊንዶውስ ማሻሻያንና ጸረ ቫይረስን ያሰናክላል፤ ከዚያም የተጠቂውን ፕሮሰሰር ሞኔሮ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማምረት ያውለዋል። ኩባንያው ከ222 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮች መጠቃታቸውንና ወንጀለኞቹ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማግኘታቸውን አመልክቷል። እንዲህ ካሉ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ሥራቸውን የሚያቆሙ በመሆናቸው፣ መስኮቱ ሲከፈት የሚፈጥንና ሲዘጋ መልሶ የሚዘገይ ኮምፒዩተር የተለየ ጥርጣሬ ሊያድርበት ይገባል። በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከዝግመት ያለፈ ነው፤ ያለ ፈቃድ የገባ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን እንደደረሰበት ሁሉ ሰነዶቹንም ሊደርስባቸው ይችላል።

ላፕቶፖች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በባትሪ ላይ ሲሆኑ ሆን ብለው ይዘገያሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ የተሰካላቸው ቻርጀር የአምራቹ አለመሆኑን ወይም ዋቱ ማነሱን ሲያውቁ ፕሮሰሰሩን ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ያወርዱታል። የመጀመሪያው ቻርጀር ጠፍቶ ከገበያ ሌላ ከተገዛ በኋላ የጀመረ ዝግመት መጀመሪያ ሊፈተሽ የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው።

በእኛ አገር ኮምፒዩተር ሲዘገይ የመብራት መዋዠቅ ምክንያት ተደርጎ ሲጠቀስ ይሰማል። ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይህ ትክክል አይደለም። ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ የሚገባለት ቮልቴጅ ሲለዋወጥ ለፕሮሰሰሩ የሚያቀብለውን ቋሚ አድርጎ ይይዛል፤ መያዝ ሲያቅተው ኮምፒዩተሩ ይጠፋል ወይም ራሱን መልሶ ያስነሳል እንጂ አይዘገይም። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ማሽኑን ከጉዳት ይጠብቁታል፤ ፍጥነት ግን አይጨምሩለትም።

ጥፋቱ በእርግጥም የፕሮሰሰሩ የሆነበት፣ ያውም በስፋት የታወቀ አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ በ2022 እና በ2023 መገባደጃ ላይ የወጡት የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች በጨዋታ ላይ በተደጋጋሚ መቋረጥ ጀመሩ። የሚያስገርመው በስክሪኑ ላይ ይታይ የነበረው መልእክት የግራፊክስ ካርድ ማህደረ ትውስታ አልበቃም የሚል መሆኑ ነው። ብዙዎች በዚህ ተመርተው ደኅናውን ካርድ ጠረጠሩ። ፍጥነቱ በባዮስ በኩል በጥቂት መቶ ሜጋኸርዝ ሲቀነስ ግን አንዳንዶቹ ማሽኖች ይረጋጉ ነበር፤ ይህም ጥፋቱ ከፕሮሰሰሩ መሆኑን አመለከተ። ኢንቴል እ.ኤ.አ በሐምሌ 2024 ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቁ እንደነበር አመነ። በነሐሴ ወር ቮልቴጁን በ1.55 የሚገድብ 0ኤክስ129 የተሰኘ ማሻሻያ አወጣ፤ በመስከረም ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅና ሙቀት በኮሩ ውስጥ የሚገኝ አንድ የሰዓት ምልክት ማሠራጫ ዑደት ያለ ጊዜው እንዲያረጅ ማድረጉን ገልጾ 0ኤክስ12ቢ የተባለ ተጨማሪ ማሻሻያ አስከተለ።

ማሻሻያው የሚገባው በማዘርቦርዱ አምራች በሚዘጋጅ የባዮስ እድሳት ነው። ጉዳት ያልደረሰበትን ፕሮሰሰር ይጠብቃል፤ የተጎዳውን ግን አይመልሰውም። ለተጎዱት መፍትሔው በዋስትና መለወጥ ሲሆን፣ ኩባንያው በካርቶን ለተሸጡት ፕሮሰሰሮች የነበረውን የ3 ዓመት ዋስትና በ2 ዓመት አራዝሞታል። በዚህ ስሌት እ.ኤ.አ በ2022 መጨረሻ የተገዛ ፕሮሰሰር ዋስትናው እስከ 2027 መጨረሻ ይዘልቃል። ተገጣጥሞ በተገዛ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኝ ከሆነ ጥያቄው በቅድሚያ የሚቀርበው ለኮምፒዩተሩ አምራች ወይም ሻጭ ነው። እንዲህ ዓይነት ፕሮሰሰር ያላቸው ማሽኖች በንብረት መዝገብ ላይ ካሉ፣ የባዮሳቸው ቀን ከነሐሴ 2024 በፊት መሆን አለመሆኑን ማየት፣ የግዥ ደረሰኙንና የፕሮሰሰሩን መለያ ቁጥርም ከወዲሁ በአንድ ፋይል ማስቀመጥ ያስፈልጋል።